በቡሬ ምሽግ ጾሜን በጎማ ሊያስገድፉኝ ሲሉ

ታሞ መታሰር አለ፤ ታስሮ መታመምም አለ። ሁለተኛውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ አያወራውም። የኔ አፍ ግን አርፎ አያውቅም፤ ስለዚህ አወራዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። የደብራችን ጸሐፊ አጠገቤ ተቀምጦ የምለውን ይጽፋል፤ "ይሄን እንኳ ብንተወው" ባለኝ ቁጥር አልተውም ብዬዋለሁ። የምናገረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ዛሬ ታስሮ የታመመ ነው፤ እሱን አይዞህ ልለው ነው። ሌላው የታሰረ በሽተኛ እጁ የገባለት ሐኪም ነው፤ እሱን ደግሞ አደራ ልለው ነው።

ስሜ ይታይሽ ይባላል። አገሬ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉት ከተማ አጠገብ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ነው፤ ያኔ ከተማውን ወጀት ነበር የምንለው። ጣሊያን አገሩን የያዘ ጊዜ ባሌ ዋለልኝ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ፤ እኔ ከእርሻውና ከከብቱ ጋር ቀረሁ። በጥር መጨረሻ፣ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ማግስት፣ አስካሪዎች የሚባሉት ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች መጥተው ቤቴን ከበቡት። ዋለልኝን ሲያጡ እኔን ወሰዱኝ። በዚያው ቀን የንስሐ አባቴን መምሬ ውቤንም "ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላለህ" ብለው እንደያዟቸው ሰማሁ፤ ወዴት እንዳደረሷቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ቡሬ ድረስ በእግሬ ነዱኝ። ሲነጋ ተነሥተን ሲመሽ ገባን። እስር ቤቱ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ቀን ያቃጥላል፣ ሲመሽ ውርጭ ነው። ሴቶቹ ዐሥራ አንድ ነበርን፤ ሁላችንም ባል ወይም ወንድም ዱር የገባብን። በማግስቱ የምሽጉ ሹም አስጠራኝና በአስተርጓሚ ነገረኝ፤ ዋለልኝ እጁን ከሰጠ እፈታለሁ፣ ካልሰጠ እዚያው እከርማለሁ። እኔም "እንግዲያው ክረምት የማያፈስበትን ጥግ ያሳዩኝ" አልኩ። አስተርጓሚው ሳይተረጉመው የቀረ መሰለኝ፤ ሹሙ አልተቆጣም።

ሕመሙ የጀመረኝ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ራሴን ፈለጠኝ። ቀጥሎ ወገቤንና ጉልበቴን ቆረጠመኝ፤ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እሳት እሆናለሁ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማ አትጠገብ ግንባሬን ዳሰው "ምች ነው" አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው ሊያጠጡኝ ነበር፤ ምሽግ ውስጥ ዳማከሴ ከየት ይምጣ! ዘበኛውን ቢለምኑት "እዚህ ቤት ያልታመመ ማን አለ" ብሎ በሩን ዘጋባቸው። እኅቴ ከላህ ማዶ ድረስ ስንቅ ይዛ መጥታ በር ላይ ስትውል እንደነበር ያወቅሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ዳቦ ቆሎዬን ዘበኞቹ በልተውታል።

ሐኪም የተባለው ጣሊያን የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እሱ በመጣ ቀን ደጁ ላይ ተራ ይያዛል። መጀመሪያ ነጮቹ ይገባሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ አስካሪዎቹ፤ ከአስካሪዎቹ ቀጥሎ ጀርባቸው የተላጠ የጭነት በቅሎዎች ይታያሉ። እኛ ከበቅሎዎቹ በኋላ ነን። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የአንዲት በቅሎ ቁስል በሞቀ ውሃ ቀስ ተብሎ ሲታጠብ፣ በጨርቅ ሲደርቅ፣ ቅባት ሲቀባ አየሁ። ቀናሁባት። ሰው በበቅሎ ሲቀና ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ቀንቻለሁ።

ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ አልቀረበኝም። በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ ከሦስት ክንድ አየኝና "ወባ" አለ። በየጠዋቱ ክኒን እንድውጥ አዝዞ ወደ መጣበት ሄደ። እጁ አልነካኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ክኒኑ በጠዋት በውሃ የሚዋጥ ነው፤ ወሩ ደግሞ ሁዳዴ ነው። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አንቀምስም። ስለዚህ ክኒኑን ምላሴ ሥር እደብቃለሁ፤ ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ዘበኛው ሲሄድ አውጥቼ መቀነቴ ጫፍ እቋጥረዋለሁ። ከዘጠኝ በኋላ እውጠዋለሁ ማለቴ ነው። ከዘጠኝ በኋላ ግን ትኩሳቱ ይነሣብኛል፣ ራሴን አላውቅም፣ ክኒኑም እዚያው ይቀራል። እንዲህ እያልኩ ስምንት ክኒን ቋጠርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀማ ምን ሊባል ነው? እናንተ እንዳታደርጉት።

ሐኪሙ በሌለበት ጊዜ በሽተኛ የሚያየው ሀብቶም የሚባል የሐማሴን ሰው ነበር፤ ዛሬ ድሬሰር የምትሉት ዓይነት። የጣሊያን ልብስ ለብሷል። ለኔ ባንዳ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣሁለትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገባና አጠገቤ ተንበረከከ።

"ደረትሽን ማየት አለብኝ። ትፈቅጃለሽ?" አለኝ።

"ባልፈቅድስ?"

"ካልፈቀድሽ አላይም። ብታሳዪኝ ግን ይሻልሻል።"

ከተያዝኩ ጀምሮ ፈቃድ የሚባል ነገር ከማንም አፍ አልሰማሁም ነበር። ቤቴን ሲከብቡ አልጠየቁኝም፤ ሲያስሩኝም ሲነዱኝም አልጠየቁኝም። ደንቆኝ ልብሴን ገለጥ አደረግሁለት። ደረቴና ጎኔ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። የቀሚሴን ስፌት በጣቱ ከፈት አድርጎ ቅማሉን አየ። "ወባ አይደለም፤ ተስቦ ነው" አለ። ቅማል ከሰው ወደ ሰው የሚያዞረው ትኩሳት መሆኑን፣ የሁላችንም ልብስ ካልተቀቀለና ጸጉራችን ካልተላጨ ቤቱ በሙሉ እንደሚያልቅ ለሁላችንም አስረዳን።

ጸጉር ሲል ደነገጥኩ። እኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ባሏ ሲሞትባት ነው። "ዋለልኝን ገድላችሁት ነው? እውነቱን ንገረኝ!" ብዬ ጮህኩበት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስለ ባልሽ የማውቀው የለም፤ ማወቅም አልፈልግም። የት እንዳለ ብታውቂም እኔ ፊት አትናገሪ፤ ትኩሳቱ ሲያስቀባጥርሽም ማንም አጠገብሽ እንዳይቆም እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ከዚያን ቀን በፊት ትልቁ ፍርሃቴ ይሄው ነበር። ሲመሽ ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ የዋለልኝን መሸሸጊያ እንዳልዘረግፍ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እጎሰጉስ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱ ሳልነግረው አወቀው። ጸጉሬን ተላጨሁ፤ እማ አትጠገብም ሽበታቸውን ተላጩ፤ ዐሥራ አንዳችንም አናታችን ተመልጦ ስንተያይ ከዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ሳቅን።

ልብሳችን ሲቀቀል ግን መቀነቴ ተፈታና ስምንቱ ክኒን ዘበኛው ፊት ዱብ ዱብ አለ። ዘበኛው ሮጦ ለሹሙ ነገረ። ሹሙ የደረሰበት ፍርድ፣ ይቺ ሴት ራሷን ልትገድል መርዝ ታጠራቅማለች የሚል ሆነ።

በዚያ ላይ የወተቱ ነገር መጣ። ትኩሳቱ በሁለተኛው ሳምንት ለቀቀኝ፤ ግን ሥጋዬን ይዞት ሄደ። ቀና ማለት ያቅተኛል፤ ቆሎ እንዳልቆረጥም ድዴ ቆስሏል፤ ሽሮውም አልወርድ አለኝ። ሀብቶም ወተት የተሞላ ጮጮ ይዞ ገባ። "ለተስቦ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም። ያለኝ ወተትና እንቁላል ነው። ካልጠጣሽ አትተርፊም" አለኝ። ሁዳዴ መሆኑን ረሳኸው ወይ ብዬ ብቆጣው፣ አንገቱን ደፍቶ እሱም ጾመኛ እንደሆነ፣ እናቱ በኔ ቦታ ብትተኛ ለእሷም እንደሚሰጣት ነገረኝ። አልጠጣም አልኩ። ወተቱን ትቶልኝ ሄደ። ሌሎቹም ጾመኞች ናቸውና የሚነካው ጠፍቶ እዚያው ረጋ። በማግስቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ሹሙ ክኒኑንና ወተቱን አንድ ላይ ደመራቸው። አርበኞቹ በምስጢር መልእክት ልከውላት ነው፣ በረሃብ ሞታ ሌሎቹን ልታሳምፅብኝ ነው አለ። ጾም የሚባለውን ነገር ሲነግሩት አያምንም። መጀመሪያ ለምሽጉ ያደረ አንድ ቄስ አምጥቶ በላዬ ላይ አቆመብኝ። ቄሱ ከሩቅ "ፈቅጃለሁ፣ ጠጪ" አሉኝ። "እርስዎ ማን ነዎት?" አልኳቸው፤ "የኔን ንስሐ እርስዎ አልያዙትም። የሰው ጾም የሚፈታው የነፍስ አባቱ ነው።" ቄሱ ወጡ። ሹሙም እንግዲያው በጎማ አጠጧት ብሎ አዘዘ።

ጎማው ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ተገጥሞለታል። በአፍንጫ ገብቶ እስከ ሆድ የሚወርድ ነው ብለው እማ አትጠገብ ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ። ሁለት አስካሪዎች ክንዴንና እግሬን ሊይዙ ገቡ። እውነት ለመናገር እንዲያ የፈራሁበት ቀን የለም። ጥይት አልፈራሁም፤ ያን ጎማ ግን ፈራሁት። አልጠጣም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፤ ጥርሴን ብነክስ ደግሞ መግቢያው አፍንጫዬ ነው።

ሀብቶም ጎማውን ከሳህኑ ላይ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ከሹሙ ጋር በጣሊያንኛ ተነጋገሩ። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ የተባባሉትን ኋላ አስተርጓሚው ራሱ ለእማ አትጠገብ አጫውቷቸው ነው የሰማሁት። ሀብቶም የምትታገል ሴት ላይ ጎማ ቢሰድ ወተቱ ሳንባዋ ገብቶ በእጁ እንደምትሞት ተናገረ። ሹሙ "ባትታገልስ? አስረን ብንይዛትስ?" አለው። "ያኔም አላደርገውም። አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ እንቢ ብላለች። እኔ ያለሁት በሽተኛ ላክም ነው፤ እስረኛ መቅጣት የርስዎ ሥራ ነው" አለው። ሹሙ በጥፊ መታው። ጥፊውን እኔም አየሁት፤ ለዚያ ትርጉም አላስፈለገኝም። ሀብቶም ከቆመበት አልተነቃነቀም። የሞተች ሴት ባሏን እጅ አታሰጥልዎትም፣ አንድ ቀን ይስጡኝ አለው። ሹሙም አንድ ቀን ሰጠው።

ሁሉም ሲወጡ ሀብቶም ጉንጩ እንደቀላ አጠገቤ ተቀመጠ። "ማን ቢፈቅድልሽ ትጠጫለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በቁጣ "የነፍስ አባቴ መምሬ ውቤ ናቸዋ! እሳቸውን ደግሞ ውጣችሁ ያስቀራችኋቸው እናንተው ናችሁ" አልኩት። እሱም የወንዶቹ ቤት ውስጥ እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ፣ አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ ቄስ እንዳሉ ነገረኝ። መምሬ ውቤ ናቸው። ከኔ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ሁለት ወር ሙሉ ታስረዋል። አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ሌላ እንጃ፣ እንባው አልቆም አለኝ።

በማግስቱ ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ አመጧቸው። ከኋላቸው አስተርጓሚው ገባ፤ የምንነጋገረውን ለሹሙ ሊያደርስ ነው። መምሬ ቁጭ ብለው መስቀላቸውን ያዙ፤ ዓይናቸውን አስተርጓሚው ላይ ተከሉ። ሀብቶም ይሄን ሲያይ አስተርጓሚውን በትከሻው ይዞ አወጣው፣ ዘበኛውንም አወጣው፣ ሌሎቹንም ሴቶች ፀሐይ ሙቁ ብሎ አስወጣቸው፣ በመጨረሻ ራሱም ወጥቶ በሩን ገርበብ አደረገ።

ሁለታችን ቀረን። እኔ ግን ልቤ አላመነም። "አባ፣ አስገድደውዎት ነው የመጡት?" አልኳቸው።

"ትናንት ፍቀድላት ብለው አዘውኝ ነበር። በናንተ ትእዛዝ አልፈታም ብዬ መለስኳቸው። ዛሬ የመጣሁት ይሄ ልጅ ሕመምሽን ስለ ነገረኝ ነው።" ቀረብ ብለው ፊቴን አዩኝ፤ የተላጨ ራሴን አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ይታይሽ፣ የምትጾሚው ለማን ነው?"

"ለእግዚአብሔር ነዋ፣ አባ!"

"እስቲ ደግመሽ አስቢው። ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሹሙ?"

ይሄን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ በነገር እቆርጠው ነበር። ለነፍስ አባት ግን አይዋሽም። መጀመሪያ የጾምኩት ለእግዚአብሔር ነው፤ ይሄ እውነት ነው። ሹሙ ከገባበት በኋላ ግን ሌላ ነገር ተቀላቀለበት። እኔ ብሞት የዋለልኝ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ገመድ ይበጠሳል፣ ሹሙም ዋለልኝን እንደተመኘ ይቀራል እያልኩ አስብ ነበር። ደስ ይለኝም ነበር። እልህ ምላጭ ያስውጣል ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

መምሬ አልተቆጡኝም። "ለሹሙ የተጾመ ጾም ዋጋው የሚገኘው ከሹሙ ነው" አሉ። "ነፍስሽ ላይ እሱ ሥልጣን የለውም። አንቺም ብትሆኚ የለሽም፤ አደራ ነው የያዝሽው። ዋለልኝ የራሱን አንገት ራሱ ይጠብቅ። እኔ ስለታመምሽ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ። የምትጠጪው ግን ስትፈቅጂ ነው፤ ባትፈቅጂ ጎማውን ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ እተኛለሁ። ከዳንሽ በኋላ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ።"

"አርባ አልበዛም፣ አባ? ጉልበቴን ይዩልኝ እንጂ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሃምሳ ይሁን" አሉ።

እየሳቅሁ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ሀብቶምን ጠሩት። ጮጮውን ይዞ ገባና ወደ አፌ አላስጠጋውም፤ እጄ ከሚደርስበት አኖረውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋሁት፤ የቀረውን ጠጣሁ። ራሴ አንሥቼ፣ ራሴ ነው የጠጣሁት። ይሄን ለልጅ ልጆቼ ስነግር ዛሬም አንገቴ ቀና ይላል።

ሹሙ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ባዶውን ጮጮ አይቶ ፈገግ አለ፤ አስተርጓሚውም "ታዘዘች" ብሎ በሁለቱም ቋንቋ አወጀ። የጠጣሁትን ልተፋው ምንም አልቀረኝ። ሀብቶም ግን በጣሊያንኛ፣ ቀጥሎ እኛ እንድንሰማው በአማርኛ፣ "አልታዘዘችም። የነፍስ አባቷ ፈቀዱላት፣ እሷም ወደደች፣ ጠጣች" አለ። ሹሙ ጥሎን ወጣ። በሳምንቱ ሀብቶምን ከቡሬ አዛወሩት። ሲሄድ እኔ ተኝቼ ስለነበር ልሰናበተው አልቻልኩም። የት እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም። ሰውን በልብሱ ባንዳ ብዬ መፍረዴ ግን ያሳፍረኛል፤ ይሄን ጸሐፊው እንዲጽፈው አዝዣለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ዳንኩ። መጀመሪያ እማ አትጠገብ ደግፈውኝ ተቀመጥኩ፤ በሳምንቱ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፤ ለትንሣኤ በር ድረስ ተራመድኩ። ሃምሳውን ስግደት በአንድ ቀን አልቻልኩትም፤ ሦስት ሦስት እያልኩ ጨረስኩት። ዋለልኝ እጁን አልሰጠም። ግንቦት ላይ ሌላ ሹም ተተካና፣ ያገራችን ሽማግሌዎች ዋስ ሆነውኝ ተፈታሁ። መምሬ ውቤን ግን አልፈቷቸውም፤ የተፈቱት ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ሲሄድ ነው።

እዚህ ላይ ቢበቃኝ ጸሐፊውም ደስ ይለው ነበር፤ ወረቀቱ አልቋል ይላል። ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱን ካልተናገርኩ ሌላውን መናገሬ ለሙገሳ ብቻ ይሆናል።

ሐምሌ ላይ፣ እኔ ገና በምርኩዝ ስሄድ፣ ዋለልኝ ከአምስት ጓዶቹ ጋር በዝናብ ወደ ቤት መጣ። እጁ የኋሊት የታሰረ አንድ አስካሪ ይነዳሉ። ጭኑን ተመቷል፤ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወርዷል። ከብቶቹ ቦታ አስገቡት። ዋለልኝ በምሽጉ ያለውን መትረየስ ብዛትና ቦታ እስኪናገር ድረስ ውሃ እንዳይሰጠው፣ ቁስሉንም ማንም እንዳይነካው አዘዘ። እኔ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሰውየው በቋንቋው ውሃ ሲለምን እሰማለሁ። ቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ የሚነሣ የለም።

ተነሣሁ። በቅል ውሃ ቀዳሁና ወደ ከብቶቹ ቦታ ስሄድ ዋለልኝ በሩ ላይ ቆመብኝ።

"የት ነው?" አለኝ። "ያሰሩሽ እኮ እነዚህ ናቸው። የሞትሽ መስሎኝ እኮ ነው የከረምኩት።"

"እሱ ያሰረኝ አይደለም። እሱ የታመመ ሰው ነው። ጥያቄህን ሲድን ጠይቀው፤ ሲሻው ይመልስልህ፣ ሲሻው ይተው።"

"የጣሊያን እስር ቤት ይሄን አስተምሮ ላከሽ?" አለ፤ ጓዶቹ ሳቁ።

"አዎ፣ አስተምሮኛል" አልኩት። "ተኝቼ ነው የተማርኩት።"

ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ እዚያው በር ላይ፣ በጓዶቹ ፊት ነገርኩት። ጎማውን ነገርኩት፤ እኔን በሕይወት የፈለጉኝ እሱን ለመያዝ እንደሆነ ነገርኩት፤ ጥፊውን ነገርኩት። የጣሊያን ልብስ የለበሰ ሰው እንቢ ባይል ኖሮ ዛሬ ሚስት እንደማይኖረው ነገርኩት። ጓዶቹ ሳቃቸውን ተዉ። ዋለልኝ ግን ከበሩ ዘወር አላለም። በጎኑ አልፌ ገባሁ።

ሰውየውን አጠጣሁት። የኋሊት የታሰረበትን ጠፍር ልፈታለት ስታገል ግን ጣቶቼ ኃይል አልነበራቸውም፤ ተስቦው እንደወሰደው ገና አልመለሰልኝም። በዝናብ የረጠበ ጠፍር እንዴት እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ ያዝኩት፤ አልፈታ አለኝ። ያኔ ከኋላዬ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ሰማሁ። ዋለልኝ አጠገቤ ተንበርክኮ በጨለማው ውስጥ ውሉን በጣቱ መፈለግ ጀመረ።

ባሌ ሲፎክር ሰምቼ ኮርቻለሁ፤ ከውጊያ ድል አድርጎ ሲመለስም ኮርቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም። ቁስሉን አብረን አጠብነው፤ እኔ ውሃ አፈስሳለሁ፣ እሱ ጭኑን ይዞ ያደርቃል።

ሰውየው በመስከረም ዳነ። ዋለልኝ ስለ መትረየሱ ጠየቀው። አልነገረንም።